የማታ ማስተርስ በአካውንቲንግ፦ በ36 ዓመት፣ ከሁለት ልጆች ጋር፣ ያዋጣል?

የአያት ባቡር
መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት ያህል የእናንተን ጽሑፍ ዝም ብዬ ሳነብ ኖሬ ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

ዕድሜዬ 36 ነው። በ2003 ዓ.ም. በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ድርጅት ቀያይሬ አሁን በአንድ አስመጪ ድርጅት ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ትልቋ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ቤቴ አያት፣ ሥራዬ መገናኛ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ለማታ ማስተርስ አመልክቼ የመግቢያ ፈተናውን አልፌያለሁ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው።

ነገሩን ያስጀመረኝን ልንገራችሁ። በነሐሴ የፋይናንስ ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆነ። ማስታወቂያው «ሁለተኛ ዲግሪ» ይል ነበር። ቦታውን ያገኘው ከአምስት ዓመት በፊት አጠገቤ አስቀምጬ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ አልቀየምኩትም። ግን ዛሬ እኔ ያዘጋጀሁት ቫውቸር ላይ የሚፈርመው እሱ ነው።

ባለቤቴ «አንቺ ከቻልሽ እኔ እችላለሁ» ብሎኛል። እናቴ «ልጆቹስ?» አለችና ዝም አለች። እናንተ ያለፋችሁበት ሰዎች ንገሩኝ፦ ጊዜው ከየት ይመጣል? ገንዘቡስ ይመለሳል? ወይስ ይህን ትቼ የእንግሊዙን የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ፣ ኤሲሲኤን፣ ልጀምር?


ሰኔ 30
መስከረም 8

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ፈተናውን አለፍሽ።

እኔ በ2006 ገብቼ በ2010 ነው የወጣሁት። በወረቀት ላይ ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነው። አራት ዓመት ያደረገብኝ ምን እንደሆነ ከስሜ ትገምቻለሽ። የሂሳብ ሠራተኛ ዓመትና የተማሪ ዓመት አይታረቁም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ከዚያ ጀምሮ ቆጠራው፣ ማስተካከያው፣ የውጭ ኦዲተሩ ጥያቄ ይከተላል፤ እስከ ጥቅምት 30 ደግሞ የዓመቱን የትርፍ ግብር አሳውቀሽ መጨረስ አለብሽ። ትምህርት ቤቱ አንደኛውን መንፈቅ ዓመት የሚከፍተው በዚያው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ክፍል አልገባሁም። ስገባ ሰሌዳው ላይ የነበረው ነገር ሌላ ቋንቋ መሰለኝ፤ አንዱን ኮርስ ደገምኩት።

ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ላይ ትንሽ ኮርስ ያዢ። ዓመት ፈቃድሽን ለፈተና ሳምንት ቆጥቢው። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ ነው የሚሰጠው፤ አንዷን ቀን እንኳ ለዘመድ ሠርግ አታባክኛት። የትምህርት ፈቃድን ዝርዝር ሕጉ ለኅብረት ስምምነትና ለድርጅቱ የሥራ ደንብ ነው የተወው። ደንባችሁን አውጥተሽ አንብቢ። አንዳንዱ ድርጅት ክፍያሽን ይሸፍንና «ተመርቀሽ ይህን ያህል ዓመት ታገለግያለሽ» ብሎ ያስፈርማል። እኔም ፈርሜ ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ፤ አልጸጸትም፤ ግን እያወቅሽ ፈርሚ።

ገንዘቡን በተመለከተ ባለሙያ ነሽና እንደ ባለሙያ አስዪው። ደመወዝሽ ከፍተኛው የግብር እርከን ውስጥ ከገባ በላዩ ላይ የሚጨመርልሽ እያንዳንዱ ብር 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። በዲግሪው ምክንያት 3,000 ብር ቢጨመርልሽ 1,050 ግብር፣ 210 ደግሞ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ነው። ኪስሽ የሚገባው 1,740 ብር ነው። የትምህርት ቤቱን ጠቅላላ ክፍያ ለ1,740 አካፍይና ስንት ወር እንደሚወጣ እዪ። የታክሲውን፣ የመጽሐፉን፣ የፎቶ ኮፒውን ጨምሪበት። እኔ ባሰላሁት ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ዞሮ ዞሮ የጠቀመኝ ጭማሪው አይደለም፤ ድርጅት መቀየር መቻሌ ነው።


ጳጉሜ ደመወዝ የለም
መስከረም 8

አንድ ጥያቄ፦ የምትማሪው ለሥራ ማስታወቂያ ነው ወይስ ለሙያው?

ለማስታወቂያ ከሆነ ሂጂ ተማሪ፤ ዲግሪ ነው የሚሉት። ለሙያው ከሆነ ግን የማታ ማስተርስ ማለት ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁጥር ሲለቅሙ በዋሉ ሠላሳ ሰዎች ፊት አንድ የደከመው መምህር የቆመበት ክፍል ነው። ከዚያ የቡድን ሥራ አለ። አምስት ሰው ሆናችሁ አንዷ ትሠራለች፤ ያቺ አንዷ አንቺ ነሽ፤ ከአጻጻፍሽ አውቄሻለሁ።

ኤሲሲኤ 13 ፈተና ነው። የመጀመሪያ ዲግሪሽ እንደተማርሽው ነገር እየታየ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ነጻ የሚያደርግሽ ሊኖር ይችላል። የመጨረሻዎቹን አራት ግን ማንም አይምርሽም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ከፈተናው ሌላ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ማስመዝገብ አለ፤ እሱ አንቺ ዘንድ ሞልቷል። የቡድን ሥራ የለም፣ አማካሪ የለም፣ መመረቂያ ጽሑፍ የለም። ቁጭ ብለሽ ትፈተኛለሽ፤ ታልፊያለሽ ወይም ትወድቂያለሽ።


ሰኔ 30
መስከረም 9

ጳጉሜ፣ አንተ ስንት ቀረህ?


ጳጉሜ ደመወዝ የለም
መስከረም 9

አራት።


ሰኔ 30
መስከረም 9

ከመቼ ጀምሮ?


ጳጉሜ ደመወዝ የለም
መስከረም 9

ሦስት ዓመት ሆነው። ልሳቅበት እንጂ ምን ላድርግ። ክፍያው በፓውንድ ነው። አምና ቆጥቤ ለሁለት ፈተና የሚሆን ብር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ፓውንዱም አብሮት ወጣ። የሁለት ፈተና ብሬ የአንድ ሆነ። ይህን ሳልነግራት መቅረቴ ጥፋቴ ነው፤ እህቴ ይቅርታ። ቢሆንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። በሒሳብ መግለጫ ላይ ኦዲተር ሆኖ የሚያስፈርም የሙያ ማረጋገጫና የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ነው። ማስተርስ ለብቻው አያስፈርምም።


የድሬ ልጅ
መስከረም 9

ከክርክሩ ውጪ አንድ ነገር። የግል ተቋም ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ። ተቋሙ ፈቃድ አለው ማለት ያ ፕሮግራም፣ በዚያ ካምፓስ፣ በዚያ የማስተማሪያ ዘዴ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ወንድሜ ሁለት ዓመት ተምሮ ዲግሪው ለሥራ ዝውውር ሲቀርብ ነው ያወቀው።


የአዳማዋ
መስከረም 9

እኔ ከእናንተ ወንዶች የተለየ ነገር ልንገራት።

እህቴ፣ ማስተርሴን የጀመርኩት የሰባት ወር ልጅ ታቅፌ ነው። አዳማ ስለምኖር ቅዳሜና እሑድ ነበር የምማረው፤ ሌሊት 11 ሰዓት መኪና ይዤ አዲስ አበባ እመጣለሁ። ባለቤትሽ «እችላለሁ» ማለቱ ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን «እችላለሁ» የሚለውን ቃል በቀን ስም ቀይሪው። ማክሰኞ እራት ማን ይሠራል? ሐሙስ የቤት ሥራ ማን ያያል? ትንሹ ሲያተኩሰው ከሥራ የሚቀረው ማን ነው? እኛ ይህን በወረቀት ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነው ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ። በሁለተኛው ወር እየሄደ ያነበው ጀመር።

ሌላው፣ ሁሉ ነገር በሠራተኛ ላይ እንዳይቆም። የእኔዋ በመጀመሪያው የፈተና ሳምንት ረቡዕ ማታ ሻንጣዋን አወጣች፤ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድበት ቀን ደርሶ ኖሯል፤ ሳትነግረኝ ነው ያዘጋጀችው። አልፈርድባትም፤ እሷም ኑሮዋ ነው። ግን ዓርብ የፋይናንስ ሪፖርት ፈተና ነበረብኝ። አማቴን በስልክ እያለቀስኩ ከአሰላ አስመጣኋት። አንቺም አሁኑኑ፣ ሳይቸግርሽ፣ ተጠባባቂ ሰው አዘጋጂ። እናትሽ «ልጆቹስ?» ማለታቸው መቃወም አይመስለኝም። ምናልባት እስክትጠይቂያቸው እየጠበቁ ነው።

ጥናቱን ደግሞ ማታ አትሞክሪው። ማታ የልጆች ነው። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ እስከ 12 ሰዓት አነብ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማንም አይጠራሽም።


ጋሽ መዝገብ
መስከረም 10

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን በደስታ ነው የማነበው። እኔ የድሮ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሥራ ስጀምር የወረቀት ጥቅል በሚተፋ የመደመሪያ መኪና ነበር የምንሠራው፤ አንድ ሳንቲም ሚዛን ከነሣ ሌሊቱን እዚያው እናድራለን። ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከህንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በርቀት ነው። ደብተሮቹ ቀጭን ቀጭን ነበሩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ ወረፋ በቆምኩበት ሁሉ አነብ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ ለምንህ ነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ኋላ ነው። በ2006 የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ፣ ቁጥር 847፣ ወጣ። ቀጥሎ ባንኩም ኢንሹራንሱም ትልልቁ የመንግሥት ድርጅትም በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ ሪፖርት አድርግ ተባለ። አብረውኝ የነበሩ ጎበዝ ጎበዝ የሂሳብ ሹሞች ነገሩ ዱብ ዕዳ ሆነባቸው። ጉብዝና አንሷቸው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት «እንዴት እንመዘግባለን?» እንጂ «ለምን እንደዚህ እንመዘግባለን?» ብለን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ወጣቶቹ ወደ እኔ ቢሮ ይመላለሱ ጀመር።

ወይዘሮ ባቡር፣ ስሙ ያስቃል፤ ይቅርታ፣ አንቺ ያስተማርሽው ልጅ ቫውቸርሽ ላይ መፈረሙ ቆርቁሮሻል። ይቆርቁርሽ፣ ግድ የለም። ግን እሱን ለመቅደም ብለሽ ብቻ ከገባሽ በሁለተኛው ወር ይሰለችሻል።


የአያት ባቡር
መስከረም 10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እውነት ነው፣ ቆርቁሮኛል። ሲነገረኝ ነው ያወቅሁት።

የአዳማዋ፣ ትናንት ማታ ወረቀቱን ጻፍን። ማክሰኞና ሐሙስ እራት የእሱ ሆነ። «እንጀራ በወጥ ማቅረብ እንጂ ወጥ መሥራት አልተባለም» ብሎ ይከራከራል። እናቴንም ጠየቅኋት። «እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቂ ነበር?» አለችኝ።


ከሲልቨር ስፕሪንግ
መስከረም 12

እዚህ አሜሪካ ያለነው ነገራችን ይለያል፤ ለሚጠቅመው ልጻፍ።

ከአዲስ አበባ በሦስት ዓመት የአካውንቲንግ ዲግሪ ነው የመጣሁት። ሰባት ዓመት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራሁ። ሲፒኤ፣ ማለትም እዚህ ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ፣ ልሁን ብዬ ስነሳ ዲግሪዬን ላስገመግም ሰጠሁ። ያኔ ፈቃድ ለማግኘት የሚፈለገው 150 የትምህርት ሰዓት (ክሬዲት) ነበር፤ የእኔ ግን የሦስት ዓመት ስለሆነ ከ120ም በታች ቆጠሩልኝ። እዚህ ማስተርሱ የሚፈለገው ለክብሩ ሳይሆን ያንን ጉድለት ስለሚሞላ ነው። ከማስተርሱ በፊት በማኅበረሰብ ኮሌጅ የጎደሉኝን ኮርሶች በርካሽ ወሰድኩ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነው የደረስኩበት። ማስተርሱን በኢንተርኔት፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ በዚያችው የመስታወት ክፍል ውስጥ ተማርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መኪና አይመጣም።

ፈተናው አራት ክፍል ነው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሦስቱ ለሁሉም የግድ ናቸው፤ አራተኛውን ከሦስት አማራጭ ትመርጣለህ። ማለፊያው 75 ነው። አንዱን ካለፍክ በኋላ ሌሎቹን የምትጨርስበት ጊዜ ለብዙ ዓመታት 18 ወር ነበር፤ አሁን ብዙ ግዛቶች ወደ 30 ወር አራዝመውታል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሐበሻ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱን አልፌያለሁ፤ አንዷ ቀርታለች። መኪና ማቆሚያውን ለቅቄ በአንድ አነስተኛ የሂሳብ ቢሮ የግብር ወቅት ሠራተኛ ሆኛለሁ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ከማቆሚያው ያነሰ ነበር፤ ይህንንም ማንም አልነገረኝም።


ዴቢት በግራ
መስከረም 13

ስለ ክፍሉ ብዙ ተባለ። ስለ መመረቂያ ጽሑፉ የተናገረ የለም፤ ሰው የሚያልቀው ግን እዚያ ነው።

ኮርሶቼን ከጨረስኩ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ክፍል ሳለህ የሚጎትትህ አለ፤ ቀኑ ተቆርጧል፣ ጓደኛ አለ፣ ፈተና አለ። ጽሑፉ ላይ ግን ማንም አይጠራህም። ሐምሌ ሲመጣ ሂሳብ መዝጊያ ነው ትላለህ፤ ጥቅምት ሲመጣ ግብር ነው፤ ኅዳር ላይ «ከገና በኋላ» ትላለህ። ርዕሴ «የኢትዮጵያ የንግድ ባንኮችን ትርፋማነት የሚወስኑ ምክንያቶች» ነው። አትሳቁ። የባንኮቹ መረጃ ተሰብስቦ የሚገኝ ስለሆነ ሁላችንም እዚያ እንሄዳለን፤ ከእኛ ምድብ ብቻ ስድስት ሰው በዚህ ርዕስ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ምዕራፍ ለአማካሪዬ ልኬ አራት ወር መልስ ጠበቅሁ። በአራተኛው ወር ቢሮው ድረስ ሄድኩ፤ «የቱ ነበርክ?» አለኝ።


ፈጣን ጥናት
መስከረም 13

[ይህ መልእክት በአወያይ ተሰርዟል]


አወያይ
መስከረም 13

መመረቂያ ጽሑፍ «እናዘጋጃለን» የሚል ማስታወቂያ እዚህ አይለጠፍም። ስልክ ቁጥሩን የቀዳችሁ ካላችሁም ተዉት።


ሰኔ 30
መስከረም 13

አወያይ፣ ደግ አደረግህ። ባለፈው ዓመት ለከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ቦታ ቃለ መጠይቅ ስናደርግ አንድ አመልካች የማስተርስ ጽሑፉን በጥሩ ጥራዝ አስጠርዞ ይዞ መጣ፤ እሱም ስለ ባንክ ትርፋማነት። ገለጥ ገለጥ አደረግሁና «እዚህ የሐውስማን ፈተና ሠርተሃል፤ ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፈተናው ከሁለት የስሌት መንገዶች የትኛው ለመረጃህ እንደሚሻል የሚመርጥልህ ነው። ልጁ በኩራት ቀና አለና «አልፌዋለሁ» አለኝ።

ዴቢት፣ በዕድሜ የምበልጥህ መሰለኝና ልምከርህ። ርዕሱን ጣለው አልልህም፤ አንድ ዓመት ከግማሽ ሄዶበታል። ለአማካሪህ ግን «ምዕራፍ ሁለትን ልኬያለሁ» ብለህ አትጻፍ። «በገጽ 31 ላይ ይህን ወይስ ያንን ልጠቀም?» ብለህ አንድ ጥያቄ ብቻ ላክ። ሥራ የበዛበት ሰው ሠላሳ ገጽ አያነብም፤ አንድ ጥያቄ ግን ታክሲ ውስጥ ሆኖም ይመልሳል። እኔን ያወጣኝ ይህ ነው።


የአያት ባቡር
መስከረም 15

ተመዘገብኩ። ዛሬ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው። ሰኔ 30 እንዳለው ሦስት ኮርስ ብቻ ያዝኩ። አለቃዬን፣ ማለትም ያንን ያስተማርኩትን ልጅ፣ በደብዳቤ አስፈቀድኩ፤ ማክሰኞና ሐሙስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንድወጣ ፈረመልኝ። ፊርማውን አይቼ ሳቅሁ።


የአያት ባቡር
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መልእክት ስለጠየቃችሁኝ ልጻፍ። አንደኛው መንፈቅ ዓመት አለቀ። ሁለቱን ኮርስ በደህና ውጤት አለፍኩ። የሦስተኛው፣ የጥናት ዘዴ ኮርስ፣ ውጤት ገና ነው።

ጥቅምት እንደተባለው ነበር። በ28ኛው ቀን እኔ ቢሮ፣ ሌሎቹ ክፍል ነበሩ። ጳጉሜም ትንቢትህ ደርሷል፤ የቡድን ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ግን አንድ ነገር ላሳያችሁ። በኅዳር ስለ ኪራይ የሚናገረውን ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ 16ን፣ ተማርን። ከመገናኛ ሜክሲኮ ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ፣ በሌላው ስልኬ ላይ ሳነብ የራሳችን የመርካቶ ሱቅ ውል ትዝ አለኝ። የአምስት ዓመት ውል ነው፤ በዓመት 1,200,000 ብር፣ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚከፈል። እኔ በሂሳብ ሶፍትዌሩ በፒችትሪ በየዓመቱ ቅድመ ክፍያ ብዬ እመዘግብና በየወሩ 100,000 ወደ ወጪ እወስዳለሁ። ስድስት ዓመት እንደዚህ ሠርቻለሁ፤ ማንም ተሳስተሻል አላለኝም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ16 በመቶ ወለድ የቀሪዎቹን አራት ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ ሳወጣ ወደ 3.36 ሚሊዮን ብር ሆነ። ይህ ዕዳችን ነው፤ እስከ ዛሬ መዝገባችን ላይ አልነበረም። የመጀመሪያውን ክፍያ ሲጨምሩበት 4.56 ሚሊዮን የሚሆን የመጠቀም መብት በሀብት በኩል ይቆማል። ለአምስት ሲካፈል በዓመት 912 ሺህ ያህል የእርጅና ተቀናሽ አለ። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 537 ሺህ ነው። ተደምሮ 1.45 ሚሊዮን ብር ወጪ። እኛ 1.2 ሚሊዮን ብለን ነበር የያዝነው። ያለን ደግሞ አራት ሱቅ ነው።

ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ተሳስቼ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ለአለቃዬ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና «ይህን ኦዲተሩ አይቶት ያውቃል?» አለኝ። አላየውም። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እንደ ድሮው። ለግብር የሚቀርበው ስሌት ከዚህ ይለያልና ልዩነቱን እንዴት እንደምናሳይ ስንነጋገር ምሳ ሰዓት አለፈን።


ጋሽ መዝገብ
ጥር 24

ይኸው! «ለምን?» አልሽ።


ሰኔ 30
ጥር 25

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ወጪው ከፍ ብሎ ወደ መጨረሻው ዓመት ይወርዳል፤ አምስቱን ዓመት ብትደምሪው ያው 6 ሚሊዮን ነው። ለሥራ አስኪያጁ ስታቀርቢ ይህን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ አለበለዚያ «ትርፌን በላሽብኝ» ይልሻል። ከራሴ ደርሶብኛል።


የአዳማዋ
ጥር 25

እራቱስ?


የአያት ባቡር
ጥር 25

ሽሮ ለምዷል። ልጄ «የአባዬ ሽሮ ይሻላል» ብላ ክፍል ውስጥ ለአስተማሪዋ ተናግራለች። ትንሹ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ስገባ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ይህንን የማስታርቅበት ሂሳብ አላገኘሁም።


ዴቢት በግራ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአንድ ጥያቄ ሁለተኛውን ምዕራፍ አስጸደቅሁ። ሰኔ 30 እናመሰግናለን።


የአያት ባቡር
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመትም ሊያልቅ ነው፤ ሰኔ 30ም ደርሷል፤ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፍቷል። አንድ እርዳታ ግን እፈልጋለሁ።

የመመረቂያ ርዕሴን ከአሁኑ መርጫለሁ። ስለ ባንክ ትርፋማነት አይደለም። አስመጪ ድርጅቶች ለሱቅና ለመጋዘን በቅድሚያ የሚከፍሉትን ኪራይ እንዴት እንደሚመዘግቡ፣ በደረጃው መሠረት ቢመዘግቡ ኖሮ የሒሳብ መግለጫቸው ምን ያህል ይለወጥ እንደነበር ማየት ነው። አማካሪዬ «ጠባብ ነው» አለኝ። ጠባብ መሆኑን ወድጄዋለሁ አልኩት። «እንግዲያውስ ቢያንስ ሃያ ውል አምጪ» አለኝ። እስካሁን ያገኘሁት ዘጠኝ ነው፤ አራቱ የራሳችን ናቸው።


ጋሽ መዝገብ
ሰኔ 14

ሁለት የማውቃቸው ነጋዴዎች አሉ። ሰኞ አነጋግሬያቸው በውስጥ መልእክት እነግርሻለሁ። ቡና ሊጋብዙሽ ይችላሉና ጊዜ ይዘሽ ሂጂ።


ጳጉሜ ደመወዝ የለም
ሰኔ 15

የእኛ ድርጅት አምስት ውል አለው። አለቃዬን ጠይቄያለሁ፤ ስማችን ካልተጠቀሰ ችግር የለም ብሏል። መጠይቅ ሙሉ ብለሽ ግን እንዳታመጪብን፤ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አስተያየት የለኝም» እያልን ባለፈው ወር ብቻ ሰባት ሞልተናል። በነገራችን ላይ ለመስከረም አንድ ፈተና ተመዝግቤያለሁ።


የአያት ባቡር
ሰኔ 15

ስም አይጠቀስም፤ መጠይቅም የለም። የምፈልገው ውሉንና የከፈላችሁበትን ቀን ብቻ ነው። የት ልምጣ?


ጳጉሜ ደመወዝ የለም
ሰኔ 15

ስታዲየም፣ ከባቡሩ እንደወረድሽ። ከሐምሌ 5 በፊት ግን አትምጪ፤ ቆጠራ ላይ ነን።